መድፍ ያልወሰደውን መሬት ካርታ ወሰደው፦ የሚንዳናኦና የሱሉ ሙስሊሞች ታሪክ

ዐረብ ሀገር ሰርተው የመጡ እህቶቻችን ፊሊፒናውያንን በደንብ ያውቋቸዋል። አንድ ኩሽና ውስጥ አብረው ሰርተዋል፣ በአንድ ክፍል አድረዋል፣ በተሰባበረ ዐረብኛም ቢሆን ተግባብተዋል። አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ ፊሊፒንስ ሲባል ሙስሊም የሌለባት ሀገር ትመስለናለች። ነገር ግን ከመሃላቸው ለሱብሒ ሰላት ቀድማ የምትነሳ፣ ረመዷንን አብራ የምትጾም ፊሊፒናዊት ያጋጠመቻቸው ጥቂት አይደሉም። ይህቺን እህት «ሀገርሽ የት ነው?» ብትሏት ማራዊ፣ ኮታባቶ ወይም ጆሎ ልትላችሁ ትችላለች። እነዚህ ሶስቱ ከተሞች የሚገኙት በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናኦና በሱሉ ደሴቶች ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምናወራው ስለዚያ ምድር ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ እናስቀምጥ። በ1903 አሜሪካኖች ባካሄዱት ቆጠራ ላይ ተመስርተው ተመራማሪዎች እንደሚያሰሉት፣ ከሚንዳናኦና ከሱሉ ነዋሪዎች ከአራቱ ሶስቱ ያህል ሙስሊሞች ነበሩ። በ1970 ቆጠራ ግን ከአምስት ሰው አንዱ ብቻ ሙስሊም ሆነ። ሕዝቡ በወረርሽኝ አላለቀም። ሀገሩን ጥሎ አልተሰደደም። ሃይማኖቱንም አልለወጠም። ታዲያ በ70 ዓመት ውስጥ በገዛ ምድሩ ላይ እንዴት አናሳ ሆነ? የስፔን መድፍ ከ300 ዓመት በላይ ሞክሮ ያልቻለውን ነገር በአንድ ሰው ዕድሜ ማን ሠራው?

(በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስማቸውን ከውሃ ያገኙ ሕዝቦች

ፊሊፒንስ ከ7,600 በላይ ደሴቶች ያሏት ሀገር ናት። ከእነዚህ ውስጥ በስፋት ሁለተኛዋ ሚንዳናኦ ስትሆን፣ ወደ 97,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ይዛ በሀገሪቱ ደቡብ ትገኛለች። ከሚንዳናኦ ምዕራባዊ ጫፍ ደግሞ የትናንሽ ደሴቶች ሰንሰለት ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዘረጋል። ባሲላን፣ ጆሎ፣ ታዊ-ታዊ እያለ ቦርኒዮ አጠገብ ይደርሳል። ይህ ሰንሰለት የሱሉ ደሴቶች ይባላል። ከታዊ-ታዊ ዳርቻ ተነስቶ ዛሬ የማሌዥያ ግዛት ወደሆነችው ሳባህ መሻገር ወደ ማኒላ ከመሄድ እጅግ ይቀርባል። የሱሉ ሰው ዘመድና ገበያ ከጥንት ጀምሮ በዚያ አቅጣጫ ነበር።

ሚንዳናኦ ተራራማ ናት። በፊሊፒንስ ከፍተኛ የሆነው አፖ የተባለው እሳተ ገሞራ 2,954 ሜትር ከፍታ አለው፤ የሚገኘውም እዚሁ ነው። ነገር ግን የሙስሊሞቹን ታሪክ የወሰነው ከተራራው ይልቅ ውሃው ነው ማለት ይቻላል። የሕዝቦቹን ስም ብቻ ብናይ ይበቃናል።

ማጊንዳናኦ የሚባሉት ሕዝቦች ስማቸው ውሃ ከሚያጥለቀልቀው ሜዳ የመጣ ነው። ምድራቸው ፑላንጊ የሚባለው ትልቅ ወንዝ ከሰሜኑ ተራሮች ወርዶ ወደ ባሕር የሚገባበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ወንዙ ባሕር ከመድረሱ በፊት ሊግዋሳን የተባለውን ሰፊ ረግረግ ያጠጣል። ይህ ረግረግ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ ዓሣ፣ የውሃ ወፍና አዞ የሞላበት፣ ሰዎች በጀልባ ከቤት ቤት የሚሄዱበት ሀገር ነው። በወንዙ አፍ ላይ የኮታባቶ ከተማ አለች። ስሟ በሀገሬው ቋንቋ «የድንጋይ ምሽግ» ማለት ነው።

ማራናኦዎች ደግሞ «የሐይቅ ሰዎች» ናቸው። ሐይቁ ላናኦ ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በተራሮች መሃል የተኛ፣ 340 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። የማራዊ ከተማ ዳርቻው ላይ ተቀምጣለች። ከሐይቁ የሚወጣው አጉስ የተባለ ወንዝ በፏፏቴዎች እየተወረወረ ወደ ሰሜን ባሕር ይወርዳል፤ ዛሬ የሚንዳናኦ የኤሌክትሪክ ኃይል ጥሩ ክፍል የሚመነጨው ከዚሁ ወንዝ ነው።

በጆሎና በዙሪያዋ የሚኖሩት ታውሱጎች ስማቸው «የባሕር ፍሰት ሰዎች» ማለት ነው። በደሴቶቹ መካከል የሚሮጠውን ኃይለኛ የባሕር ፍሰት የሚያውቁ መርከበኞች ናቸው። ሳማና ባጃው የሚባሉት ወገኖቻቸው ደግሞ ከነቤተሰባቸው ጀልባ ላይ ወይም ባሕር ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ በተሠራ ቤት የሚኖሩ ነበሩ። ባሲላን ላይ ያካኖች አሉ። በአጠቃላይ 13 የሙስሊም ብሔረሰቦች እንዳሉ ይነገራል። ከእነሱ ጋር፣ በተለይ በደጋው፣ የቀደመ የአባቶች እምነታቸውን ይዘው የቆዩና ዛሬ በጅምላ «ሉማድ» የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። የነሱንም ጉዳይ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ኢስላም በነፋስ መንገድ

በዚህ ባሕር ላይ ነፋስ በዓመት ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከቻይና ወደ ደቡብ የሚወርድ ነጋዴ በአንደኛው ወቅት ነፋስ ይመጣል፣ በሌላኛው ይመለሳል። ነፋሱ እስኪዞርለት ድረስ ግን ወራት መቆየት አለበት። በዚህ ቆይታ ገበያ ይቆማል፣ ትዳር ይመሠረታል፣ መስጂድ ይሠራል። ኢስላም ወደ ሱሉ የገባው በዚህ መንገድ እንጂ በጦር አልነበረም።

ጆሎ ላይ ቡድ ዳቶ በተባለው ኮረብታ በሒጅራ 710 (በ1310) የሞተ ቱዋን መቅባሉ የተባለ ሙስሊም መቃብር ድንጋይ ተገኝቷል። ስለዚህ ከ700 ዓመት በፊት እዚያ ሙስሊሞች እንደነበሩ ድንጋዩ ራሱ ይመሰክራል። በታዊ-ታዊ ሲሙኑል ደሴት ላይ ደግሞ ሸይኽ ከሪሙል መኽዱም በ1380 እንደመሠረቱት የሚነገርለት መስጂድ አለ። በፊሊፒንስ የመጀመሪያው መስጂድ ተብሎ የሚታወቀውም ይኸው ነው። ሕንጻው በየዘመኑ ታድሷል።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሰይድ አቡበክር የተባሉ ሰው ጆሎ ደርሰው የአካባቢውን መሪ የራጃ ባጊንዳን ልጅ አገቡ። ሸሪፉል ሃሺም በሚል ማዕረግም የሱሉ የመጀመሪያው ሱልጣን ሆኑ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሸሪፍ ካቡንግሱዋን ከጆሆር፣ ከማላይ ምድር፣ ተነስተው በፑላንጊ ወንዝ አፍ ደረሱ፤ የማጊንዳናኦ ሱልጣኔት ከእሳቸው ዘር ተመዘዘ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስፔኖች ወደዚህ ባሕር ሲመጡ ያገኙት ባዶ ደሴት አልነበረም። ሕግ፣ ዳኛ፣ የዘር ሐረግ መዝገብና የውጭ ንግድ ያላቸው መንግሥታት ነበሩ። ማኒላ ራሷ እንኳ በ1571 በስፔኖች እጅ ስትገባ ከመሪዎቿ አንዱ ራጃ ሱላይማን የተባለ ሙስሊም ነበር።

ሶስት መቶ ዓመት የፈጀ ጦርነት

ስፔኖች ግራናዳን ከሙስሊሞች የወሰዱት በ1492 ነበር። በዓለም ማዶ ሌላ ሙስሊም ሲያጋጥማቸው በሀገራቸው የለመዱትን ስም ለጠፉበት፤ «ሞሮ» አሉት። ለስድብ የወጣው ስም ከብዙ ዘመን በኋላ የኩራት ስም ሆነ። ዛሬ ሕዝቡ ራሱን «ባንግሳሞሮ»፣ የሞሮ ሕዝብ፣ ብሎ ይጠራል።

በ1578 የመጀመሪያው የስፔን ዘመቻ ወደ ሱሉና ወደ ማጊንዳናኦ ወረደ። በ1635 ዛምቦአንጋ ላይ ትልቅ ምሽግ ተሠራ። በ1637 የስፔኑ ገዥ ኮርኩዌራ የሱልጣን ቁዳራትን መቀመጫ ላሚታንን አጠቃ። ሱልጣኑ ቆስለው ወደ ውስጥ አገር አፈገፈጉ፤ ረግረጉና ተራራው ሸሸጋቸው፣ ኃይላቸውን አሰባሰቡ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1645፣ ስፔን ከእኚሁ ሰው ጋር ውል ተፈራርማ ግዛታቸውን ለማወቅ ተገደደች። በ1639 የስፔን ወታደሮች ወደ ላናኦ ሐይቅ ወጥተው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ለቀው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ዳር በኃይል የተመለሱት በ1890ዎቹ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰሜኑ ደሴቶች ስፔን ሕዝቡን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሰብስባ በቀላሉ ገዝታለች። በደቡብ ግን በባሕር ቢመጡ የሞሮ ጀልባዎች ይፈጥናሉ፣ በወንዝ ቢገቡ ረግረጉ ይውጣቸዋል፣ ወደ ሐይቁ ቢወጡ ስንቅ ይቋረጣል። ሁኔታው የተለወጠው በ1848 ስፔን በእንፋሎት የሚሄዱ የጦር ጀልባዎች ካስመጣች በኋላ ነው። ነፋስ የማይጠብቅ መርከብ ሲመጣ የሱሉ መርከበኞች የበላይነት አበቃ። በ1876 ጆሎ ከተማ ተያዘች።

ታሪክን ስናወራ የሚያኮራውን ብቻ መምረጥ አይገባም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሱሉ ንግድ ዕንቁ፣ የባሕር ውጤቶችና ለቻይና ገበያ የሚፈለግ የወፍ ጎጆ ነበር። ይህን የሚሰበስብ ጉልበት ለማግኘት የኢራኑንና የባላንጊንጊ መርከበኞች የሰሜኑን ደሴቶች የባሕር ዳር መንደሮች እየወረሩ ብዙ ሺህ ሰው በባርነት ወስደዋል። በሰሜን ፊሊፒንስ «ሞሮ መጣ» የሚለው ፍርሃት ከዚህ የመነጨ ነው፤ ኋላ ላይ በተደረገው ሁሉ ውስጥም ይህ ፍርሃት ድርሻ ነበረው።

ያልተያዘን ሀገር መሸጥ

በታኅሣሥ 1898 ስፔን በአሜሪካ ተሸንፋ ፓሪስ ላይ ስትፈራረም ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር አስረከበች። በርክክቡ ውስጥ ሚንዳናኦና ሱሉም ተካተቱ። ስፔን ከጥቂት ምሽጎች አልፋ በትክክል ያልገዛችውን ምድር ሸጠች ማለት ነው። ለማራናኦ ገበሬም ሆነ ለታውሱግ ዓሣ አጥማጅ ማንም ምንም አልነገረውም።

አሜሪካኖች በሰሜኑ ጦርነት ላይ ስለነበሩ በደቡብ ሁለተኛ ጦርነት አልፈለጉም። በነሐሴ 1899 ጄኔራል ቤትስ ከሱልጣን ጀማሉል ኪራም ሁለተኛ ጋር ውል ተፈራረመ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በመላ የሱሉ ደሴቶች ላይ የአሜሪካ ሉዓላዊነት ታውቋል ይላል። በታውሱግ ቋንቋ የተጻፈው ግን ይህን አይልም። ይህ ታሪክ ለእኛ ሀገር አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከዚያ አስር ዓመት ቀድሞ፣ በ1889፣ በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የአማርኛው ጽሑፍ ሌላ፣ የጣሊያንኛው ሌላ ነበር። ልዩነቱ ኢትዮጵያ ውሉን ለመሻርና አድዋ ላይ ለመግጠም የሚበቃ ኃይል ነበራት፤ ሱሉ አልነበራትም። በ1904 ውሉን ያፈረሱት አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው።

በዚሁ ጊዜ በኢስታንቡል የአሜሪካ መልዕክተኛ የነበረው ኦስካር ስትራውስ በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ሁለተኛ የሱሉ ሙስሊሞች ከአሜሪካ ጋር እንዳይዋጉ መልእክት እንዲልኩ ጠይቋቸው፣ ለሐጅ መካ በነበሩ የሱሉ ሰዎች በኩል መልእክቱ ተልኳል። ምክሩ ሰላም ቢያተርፍም ብዙ አልቆየም። ግብርና አዲስ ሕግ ሲመጣ ተቃውሞ ተነሳ። በመጋቢት 1906 ጆሎ ላይ ቡድ ዳሆ በተባለው እሳተ ገሞራ አናት ላይ የመሸጉ ታውሱጎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ በአሜሪካ ጦር ተከበው ተገደሉ። የሟቾቹ ቁጥር ከ600 እስከ 1,000 ይገመታል። ታዋቂው አሜሪካዊ ደራሲ ማርክ ትዌይን ድርጊቱን በብርቱ ቃላት አውግዞ ጽፏል።

ካርታ የሌለው መሬት

ቡድ ዳሆን ብዙ ሰው ያስታውሳል። ሕዝቡን በቁጥር ያሳነሰው ግን ከዚያ ዘመን በጸጥታ የወጡት የመሬት ሕጎች ናቸው።

በከተማ የምንኖር ሁላችን «ቦታው ካርታ አለው ወይ?» የሚለውን ጥያቄ እናውቀዋለን። ካርታ ከሌለው የአያትህ ቦታ ቢሆንም እንቅልፍ አይወስድህም። በሚንዳናኦ ከ1902 በኋላ የተከሰተው ይኸው ነበር። በ1902 መሬት ሁሉ በመንግሥት መዝገብ ተመዝግቦ የይዞታ ወረቀት እንዲኖረው ሕግ ወጣ። በ1903 ደግሞ ሱልጣኖችና ዳቱዎች (ዳቱ የጎሳ መሪ ማለት ነው) ያለ መንግሥት ፈቃድ የሰጡት መሬት ሁሉ ዋጋ እንዳይኖረው ተደነገገ። በአንድ መስመር ጽሑፍ የሱልጣኔቶቹ የዘመናት መሬት አስተዳደር ተሻረ። ያልተመዘገበ መሬት «የመንግሥት መሬት» ሆነ።

ሕጉ በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ ማንም ሄዶ መመዝገብ ይችላል። በተግባር ግን ማመልከቻው ሕዝቡ በማያውቀው ቋንቋ ነው፣ ለቀያሽ ክፍያ አለ፣ ቢሮው ሩቅ ነው። በዚያ ላይ የሞሮ ባሕል መሬትን የጎሳ አደራ አድርጎ እንጂ እንደ ግል ሸቀጥ አያየውም። ብዙው ሰውም መመዝገብን ለካፊር መንግሥት እጅ መስጠትና ለግብር መጋለጥ አድርጎ ቆጠረው። ስለዚህ ራቀ። ሌላው ቀርቦ ተመዘገበ።

በኋላ የመጡት ሕጎች እኩልነቱንም ተዉት። በ1919 በወጣው ሕግ አንድ ክርስቲያን ሰፋሪ እስከ 24 ሄክታር መጠየቅ ሲችል፣ «ክርስቲያን ያልሆነ» ተብሎ የተመዘገበው የሀገሩ ሰው ግን ከ10 ሄክታር እንዳያልፍ ተገደበ። በ1936 ቁጥሩ ለሰፋሪው 16፣ ለሀገሬው 4 ሆነ። ኩባንያዎች ደግሞ 1,024 ሄክታር ማግኘት ይችሉ ነበር። አባቱ የተወለደበት ሰው ከሩቅ ከመጣው እንግዳ አንድ አራተኛውን ብቻ እንዲያገኝ በሕግ ተጻፈ።

ከሕጉ ጎን ሰፈራው መጣ። በ1913 በኮታባቶ ሸለቆ የመጀመሪያዎቹ የእርሻ ሰፈሮች ተመሠረቱ። በ1939 ጄኔራል ፓውሊኖ ሳንቶስ ሰፋሪዎችን እየመሩ ኮሮናዳል ሸለቆ ገቡ። በአካባቢው ቡዋያን ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ በጄኔራሉ ስም «ጄኔራል ሳንቶስ» ትባላለች። በ1950ዎቹ ደግሞ በሰሜን ያመጹ የገበሬ ታጣቂዎች እጃቸውን ሲሰጡ መሬት እንዲሰጣቸው ተወሰነ፤ የተሰጣቸው መሬት ግን የሰሜን ባለርስቶች መሬት ሳይሆን የሚንዳናኦ ነበር። ለም አፈር ያላት፣ ሰሜኑን በየዓመቱ የሚመታው አውሎ ነፋስ አልፎ አልፎ ብቻ የሚደርስባት ሚንዳናኦ «የተስፋ ምድር» ተብላ ተሰበከች።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ከሰሜን የመጡት ሰፋሪዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ለባለርስት ያረሱ ድሆች ነበሩ። መንግሥት ከሀብታሙ ወስዶ እንደመስጠት ከሩቁ ወስዶ ሰጣቸው። ከራሳቸው ከሞሮዎች በኩልም አንዳንድ ዳቱዎች ሕዝቡ በጋራ የሚጠቀምበትን መሬት በግል ስማቸው አስመዝግበው የሸጡ አሉ። ሉማዶቹ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ተጎዱ፤ ከታች ሙስሊሙ፣ ከጎን ሰፋሪው፣ ከላይ የእንጨት ቆራጭ ኩባንያው እየገፋቸው ወደ ተራራ ወጡ።

አደጋውን ቀድመው ያዩ ነበሩ። በመጋቢት 1935 ከመቶ በላይ የማራናኦ መሪዎች ዳንሳላን (የዛሬዋ ማራዊ) ላይ ተሰብስበው ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጻፉ። ፊሊፒንስ ነፃ ስትወጣ ሚንዳናኦና ሱሉ አብረው እንዳይሰጡ፣ መሬታቸውም ለሌላ እንዳይከፋፈል ለመኑ። አልተሰሙም። በ1939 ቆጠራ ሙስሊሞች ከሚንዳናኦ ነዋሪ ሲሶ ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ።

ወረቀቱ ደም ሲያፈስ

በ1960ዎቹ መጨረሻ ባዶ መሬት አለቀ፤ አጥር ከአጥር ተጋጨ። በመጋቢት 1968 ሳባህን ሰርጎ ለመግባት በምስጢር ሲሠለጥኑ የነበሩ ሙስሊም ወጣቶች ማኒላ አጠገብ በምትገኘው ኮሬጊዶር ደሴት ላይ በአሠልጣኞቻቸው ተገደሉ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክስተቱ «ጃቢዳ» በሚል ስም ይታወቃል፤ የሙስሊም ተማሪዎችን ትውልድ ያስነሳውም እሱ ነው። ከመካከላቸው የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኑር ሚሱዋሪ የሞሮ ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባርን መራ። በዚያው ጊዜ «ኢላጋ» የተባሉ የሰፋሪ ታጣቂዎች የሙስሊም መንደሮችን ያቃጥሉ ነበር። በሰኔ 1971 በሰሜን ኮታባቶ ማኒሊ በተባለች መንደር ለውይይት ተብለው መስጂድ ውስጥ የተሰበሰቡ 70 ያህል ሙስሊሞች ተገደሉ። በ1972 ፕሬዚዳንት ማርቆስ ወታደራዊ አዋጅ ሲያውጁ ጦርነቱ ሙሉ ሆነ፤ በየካቲት 1974 ጆሎ ከተማ በእሳት ጋየች።

በሊቢያና በእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት ሽምግልና በታኅሣሥ 1976 የትሪፖሊ ስምምነት ተፈረመ። 13 አውራጃዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ይላል። አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን አስታውሱ። መንግሥት «ነዋሪው ድምፅ ይስጥበት» አለ። ድምፅ መስጠት ፍትሐዊ ነገር ነው። ነገር ግን ነዋሪው ማን ነው? ከ13ቱ አውራጃዎች በአብዛኞቹ ሙስሊሙ አናሳ ከሆነ ቆይቷል። በ1989 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ራስ ገዝ ለመሆን የተስማሙት ማጊንዳናኦ፣ ላናኦ ዴል ሱር፣ ሱሉና ታዊ-ታዊ፣ አራቱ ብቻ ነበሩ። የድምፅ ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ውጤቱን የመሬት መዝገቡ ጽፎት ነበር።

በአል-አዝሀር የተማሩት ሸይኽ ሰላማት ሃሺም ከሚሱዋሪ ተለይተው የሞሮ እስላማዊ ነፃ አውጪ ግንባርን መሠረቱ። ትግሉና ድርድሩ እየተፈራረቀ ቀጠለ። በመጋቢት 2014 አጠቃላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በ2018 ሕጉ ጸደቀ፤ በ2019 መጀመሪያ በሁለት ዙር ሕዝበ ውሳኔ የባንግሳሞሮ ራስ ገዝ ክልል ተወለደ። ከዚህ ቀደም እምቢ ትል የነበረችው የኮታባቶ ከተማ በዚህ ጊዜ እሺ ብላ ገባች። በሰሜን ኮታባቶ 63 ቀበሌዎችም ከአውራጃቸው ተለይተው ወደ ክልሉ ተቀላቀሉ። በካርታ ላይ ስታዩአቸው ከባሕር ውስጥ እንደወጡ ደሴቶች በሌላ አውራጃ መሃል ተበታትነው ይታያሉ። ከመቶ ዓመት በፊት የተያያዘ ሀገር የነበረው ዛሬ በቀበሌ እየተለቀመ ተሰበሰበ።

ዛሬስ?

በ2020 ቆጠራ ክልሉ ሱሉን ጨምሮ 4.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበረው። ነገር ግን በ2019 ሱሉ «አልገባም» ብላ ድምፅ ሰጥታ ነበርና በመስከረም 2024 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከክልሉ እንድትወጣ ወሰነ። ኢስላም ቀድሞ የገባባት፣ የመጀመሪያው ሱልጣኔት የቆመባት ምድር ዛሬ ከባንግሳሞሮ ውጭ ናት። በ2022 ሊደረግ የነበረው የክልሉ ምክር ቤት ምርጫም በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በ2017 ለአምስት ወር በታጣቂዎችና በመንግሥት ጦር መካከል የጦር ሜዳ የሆነችው የማራዊ መሃል ከተማ ፈርሳለች። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። እዚህም ላይ ወረቀት ጣጣ ሆነ፤ በዘመድ አደራና በቃል ውል የተያዘ ቦታ «የኔ ነው» ብሎ ለማስረዳት ሰነድ ይጠየቃል።

ውድ ወጣቶች፣ ይህን ታሪክ ስታነቡ የሱልጣን ቁዳራት ጀግንነት ልባችሁን ሊማርክ ይችላል፤ ይገባልም። ግን ከሱልጣን ቁዳራት ጊዜ ይልቅ ከ1902 በኋላ ያሉትን ዓመታት ደግማችሁ አስቡ። በዚያ ጊዜ የሞሮ ሕዝብ በሰይፍ የሚዋጋ ሰው አላነሰውም። ያነሰው ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ሕጉ ገና ረቂቅ ሳለ አንብቦ የሚከራከር፣ መሬት የሚቀይስ፣ በቆጠራ ጊዜ ሕዝቡ በትክክል መቆጠሩን የሚከታተል ሰው ነበር። የዳንሳላን መሪዎች ደብዳቤ የጻፉት በ1935 ነው፤ የመጀመሪያው የመሬት ሕግ ከወጣ 33 ዓመት በኋላ።

ከእናንተ መካከል ሕግ የምታጠኑ፣ ቅየሳ የምትማሩ፣ ስታቲስቲክስ የምትሠሩ ትኖራላችሁ። «ይህ ለዲን ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ካለ የሚንዳናኦን ታሪክ ንገሩት። የወላጆቻችሁ ቤት፣ የሰፈራችሁ መስጂድ፣ የአያቶቻችሁ መካነ መቃብር ሰነድ አለው ወይ ብላችሁም ዛሬውኑ ጠይቁ። የጎረቤታችሁም፣ ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ ሐቁ በወረቀት ሰበብ ሲወሰድ ስታዩ ዝም አትበሉ፤ የሉማዶች ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ነውና።

ወላሁ አዕለም።